ተቆልፏል፤ ውስጡ ይታይ

እንጦጦ፣ ከሣጥኖቹ ክፍል
ሰኞ፣ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሲግናል ላለችው ለእታለም አምለሰት ይድረስ፤

እንደምን ሰነበትሽ? የእማዬስ ጉልበት? እኔ ከሣጥን በስተቀር ደህና ነኝ።

መጀመሪያ ለጥያቄሽ ልመልስ። ሊሊሳ ደውሎ «ወንድምሽ እንጦጦ ላይ ተይዟል» ሲልሽ «ስንት ከፍሎህ ነው?» ብለሽ ዘጋሽበት አሉ። አልከፈልኩትም። ሊሊሳ እዚህ ጎመንና ወተት የሚያመጣ፣ የራሱ አይሱዙ ያለው የተከበረ ሰው ነው። የደወለልሽም አስፋልቱ ጋ ወርዶ ነው፤ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ኔትወርክ አይገባም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እንደ ጥንት ሰው በሊሊሳ እጅ በወረቀት እንነጋገራለን።

ዋስ ሆነሽ የፈረምሽልኝን ወረቀት እንዳላነበብሽው ስለማውቅ ላስረዳሽ። ይህ ቦታ ሰው ከስልኩ የሚያርፍበት ነው። ከሲ.ኤም.ሲና ከአያት የቢሮ ሰዎች ይመጣሉ፤ በር ላይ ስልካቸውን ይነጠቃሉ፤ ሳምንቱን ሙሉ ባሕር ዛፍ ሲያዩ ይከርማሉ። ለዚህም ይከፍላሉ! እኛ ሰፈር በነጻ የሚነጥቅ ሞልቶ።

ባለቤቱ አቶ ሠረቀብርሃን «ሰው ኔትወርክ ባይኖርም ስልኩን ማሻሸቱን አይተውም» ብለው ከውጭ ያስመጧቸውን የብረት ሣጥኖች ግድግዳው ላይ ደርድረዋል። ስልኩ ይገባል፤ እንግዳው ካርዱን ያስነካል፤ ይቆለፋል። ቅዳሜ ሲሄድ ካርዱን ያስነካል፤ ይከፈታል። ይህን የሚያደርገውን ፕሮግራም የጻፈው፣ ኮሌጁን ከመሃል ያቋረጠው ታላቁ መሐንዲስ ወንድምሽ ነው።

አይከፈትም።

የእንግዶቹ ስልክ፣ የወጥ ቤቷ፣ የዘበኛው፣ የእኔ፣ «አርአያ ልሁን» ብለው ከሁሉ ቀድመው ያስገቡት የአቶ ሠረቀብርሃንም፤ ሁሉም ውስጥ ነው። እንግዶቹ ገና አልሰሙም። የምናውቀው እኔና እሳቸው ብቻ ነን። እቤት ስሞክረው እኮ ይሠራ ነበር! ቆለፍኩ፣ ከፈትኩ፤ ቆለፍኩ፣ ከፈትኩ፤ እማዬ «በቃህ፣ ራሴን አዞርከው» እስክትል ድረስ።

ዛሬ እንዲህ አልኳቸው፦ «ጋሼ፣ ትንሽ ወረድ ብዬ ኢንተርኔት ልይና ልመለስ?»

«ዋስህ ማናት?»

«እህቴ።»

«መሥሪያ ቤቷን አውቀዋለሁ። ቅዳሜ እንግዶቼ ስልካቸውን ይዘው እስኪሄዱ ድረስ ከዚህ በር አትወጣም። ከወጣህ ሰኞ ጠዋት አለቃዋ ፊት ቁጭ ብዬ ታገኘኛለህ።»

«ሣጥኑን በመፍቻ ብንፈለቅቀውስ?»

እንዴት እንዳዩኝ ብታዪ! የበኩር ልጃቸውን በመፍቻ ልፈልቅቅ ያልኩ ነው የመሰላቸው።

አጥሩ ግማሹ ስላልታጠረ ዘልዬ መውጣት እችላለሁ። ግን ማንም ዋስ አልሆንህ ሲለኝ አንቺ ፈርመሽልኛል። ስለዚህ ተቀምጫለሁ። አንቺ ቀኑን ሙሉ ኮድ ስትጽፊ ነው የምትውይው፤ ያለ ኢንተርኔት እኔ ማን እንደሆንኩ ደግሞ ታውቂያለሽ። እባክሽ እርጂኝ።

ታናሽሽ ነአምን


ሲግናል
ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ነአምን፤

እማዬ ደህና ናት። «ብርድ ልብስ ይዟል ወይ?» ብላሃለች። ሰላምታው ይኸው ነው።

ጠዋት የላክሃትን ሁለተኛዋን ወረቀትም አንብቤያለሁ። አላምንህም። አትቆጣ። ከመብራት ነኝ ብለህ ደውለህ እማዬን ፍሪጅ ያስነቀልካት ማነው? ሥጋው ሸቶ ጎረቤት እስኪጠይቀን ድረስ! «ፖሊስ ጣቢያ ነኝ፣ ልብስ አምጪልኝ» ብለህ ከሥራ አስወጥተኸኝ መገናኛ ጁስ ቤት ቁጭ ብለህ የጠበቅኸኝስ? የግቢውን ደወል እየደወልክ መሮጥህን ደግሞ የሰፈሩ ልጆች ወርሰውታል። አሁን እኛ ቤት ደወል ቢጮህ፣ በር ቢደበደብ የሚነሳ የለም። ውሃ ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ እንኳ ተስፋ ቆርጦ ወረቀቱን በበሩ ሥር አስገብቶ ነው የሚሄደው።

ማቲዎስ መጀመሪያ ቤታችን የመጣ ቀን ሻዩ ውስጥ ስለጨመርከው ጨው አላነሳም። አላነሳም ብያለሁ።

ስለዚህ ያለህበት ቦታ ቆይ። ሥራህንም ጨርስ። እሁድ ለቅበላው እንዳትመጣ፤ ቤት ውስጥ የሚሆን ነገር የለም። ሰኞ ብትወርድ ይሻላል።

አምለሰት

ማስታወሻ፦ «ኮዱን በእጄ ገልብጬ ልላክልሽ?» ላልከው፣ ደስ ካለህ ላክ። እውነት ከሆነ ግን ምልክት ስጠኝ።


እንጦጦ
ረቡዕ፣ ኅዳር 10

እታለም፤

«እውነት ከሆነ ምልክት ስጠኝ» ላልሽው ይኸው ምልክት።

በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሣጥኖቹ ይጮኻሉ። የሰዉ ሁሉ ማንቂያ ውስጥ ነው፤ የሚያጠፋው እጅ የለም። አንዱ ወፍ ይሆናል፤ አንዱ ከበሮ። የአቶ ሠረቀብርሃን ደግሞ «ተነሱ፣ ጊዜው ደርሷል» የምትል ሴት ናት። ብረት ውስጥ ታፍና ስትናገር ከጉድጓድ የምትጣራ ትመስላለች። እኔ የምተኛው እዚያው ክፍል ፍራሽ ላይ ስለሆነ ሁሉም የሚጮኸው እኔ ላይ ነው። «አውጣን» የሚሉኝ ይመስለኛል። «እኔን ማን ያውጣኝ?» እላቸዋለሁ። ዘበኛው ከብረት ጋር ሳወራ ሰምቶኝ አማተበ።

አንድ እንግዳ አሉ፣ ወይዘሮ ኩልሱም የሚባሉ፣ ሲ.ኤም.ሲ የሚኖሩ የሒሳብ ሠራተኛ። ጩኸቱን ሲሰሙ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ይመጡና እጃቸውን ሣጥናቸው ላይ ያሳርፋሉ።

«ይቺ ልጄን ለትምህርት ቤት የምቀሰቅስባት ናት» አሉኝ ዛሬ። «ቅዳሜ ይከፈታል አይደል?»

«እንዴታ!» አልኳቸው።

እታለም፣ ስዋሽ ኖሬያለሁ፤ ሳቄ ያልመጣበት ውሸት ግን የዛሬው የመጀመሪያው ነው።

ሁለተኛው ምልክት፦ ለቀልድ ብሎ ኮድ በእስክሪብቶ የሚገለብጥ ሰው የለም። ጣቴ ቆስሏል። ዋናው ቦታ ይቺ ናት፤ እንዲገባሽ በአማርኛ አድርጌዋለሁ፦

ሣጥን ማለት፦ ባዶ፣ ወይም ተቆልፏል(ካርድ፣ ሰዓት)።
ካርድ ሲነካ፦ ሣጥኑ == ተቆልፏል(ይህ ካርድ፣ አሁን) ከሆነ፣ ክፈት።

ካርዱ ያው ካርድ ነው። ሣጥኑም «ተቆልፏል» ይላል። ተቆልፏልን ከተቆልፏል ጋር አስተያየሁት፤ እኩል አይደሉም ይለኛል! ነገር እንዴት ከራሱ ጋር እኩል አይሆንም? እዚህ ጉም ውስጥ ተቀምጬ ሳስበው እኔም ከትናንቱ ነአምን ጋር እኩል አልመስል አልኩ።

አቶ ሠረቀብርሃን በየሰዓቱ በሩን ገፋ አድርገው «እ?» ይላሉ። «እየሄደ ነው ጋሼ» እላለሁ። «ወዴት?» ይሉኛል። ደግሞስ እሁድ ምን አለ? ለምን አትምጣ አልሽኝ? ምን አለ?

ነአምን


ሲግናል
ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ነአምን፤

ኮድህን በምሳ ሰዓት አየሁት። አሁንም ሁሉን አምኜሃለሁ ማለት አይደለም። ይህን ስህተት ግን ፈጥረህ ልትጽፈው አትችልም፤ ያን ያህል ጎበዝ አይደለህም።

«ሣጥን ማለት» ብለህ የጻፍከው ኢነም ይባላል፤ የዓይነቶች ዝርዝር ነው ብዬህ ነበር፤ እያንዳንዱ ዓይነት ደግሞ በሆዱ ነገር ሊይዝ ይችላል። ‹ባዶ› ምንም አልያዘም። ‹ተቆልፏል› ግን ሁለት ነገር ይዟል፤ የቆለፈውን ካርድና የተቆለፈበትን ሰዓት። በሁለት እኩል ምልክት ስታስተያያቸው ኮምፒውተሩ ስማቸውን ብቻ አይቶ አያልፍም። ሆዳቸውን ፈትሾ አንዲት ነገር ከተለየች እኩል አይደሉም ይልሃል። ሰኞ ጠዋት የተቆለፈ ሣጥን ‹አሁን› ከምትለው ሰዓት ጋር በምን ተአምር እኩል ይሆናል? እቤት የሠራልህ በአንዲት ደቂቃ ውስጥ ቆልፈህ ስለምትከፍት ነው። እንደ ልማድህ ቸኩለህ።

በታክሲ ላስረዳህ። መገናኛ ቆመህ ወደ ሲግናል ትሄዳለህ እንበል። አንተ ያደረግኸው «የትናንቱ ታክሲ፣ የትናንቱ ሹፌር፣ የትናንቶቹ ተሳፋሪዎች ካልሆኑ አልሳፈርም» ማለት ነው። እዚያው ትሻግታለህ። ሰው ግን ምን ያደርጋል? ረዳቱ «ሲግናል» ካለ ሌላው ምንም ይሁን ብሎ ይገባል። ፓተርን ማቺንግ የሚባለው ይኸው ነው። የማያስፈልግህ ነገር ያለበት ቦታ ላይ ከታች ሰረዝ ታደርጋለህ፤ እንዲህ፦ _ ። «እዚህ ያለው ምንም ይሁን፣ ግድ የለኝም» ማለት ነው።

(ገልብጥ)

ሰረዟን የት እንደምታደርጋት ግን ተጠንቀቅ። ሁለቱም ቦታ ላይ ካደረግካት «ታክሲ እስከሆነ ድረስ የትም ይሂድ» ብለህ ተሳፈርክ ማለት ነው፤ ስትነቃ አያት ነህ። ግድ የሌለህ ለሰዓቱ ብቻ ነው። ካርዱን ከሆዱ አውጥተህ ስም ስጠውና አስተያየው፦

ሣጥኑ ተቆልፏል(ባለቤት፣ _) ከሆነ፣ እና ባለቤት == ይህ ካርድ ከሆነ፣ ክፈት።

እማዬ ካልሲ ልካልሃለች። እሁድን በተመለከተ ለጠየቅኸኝ፣ ነገርኩህ እኮ፤ ምንም የለም። ለምን ደጋግመህ ትጠይቃለህ?

አምለሰት


እንጦጦ
አርብ፣ ኅዳር 12

እታለም የኔ ሊቅ፤

ካልሲው ደርሶኛል፤ አንደኛው ቀዳዳ ነው። እማዬም ሰረዝ ታደርጋለች ማለት ነው።

ዛሬ ኅዳር ሲታጠን ከላይ ሆኜ አየሁት። ሁልጊዜ ታች ሆኜ ቆሻሻ የማቃጥለው እኔ ነበርኩ። ከዚህ ሲታይ ከየሰፈሩ ጭስ ተነስቶ ከተማው ጠፋ። የእኛን ጭስ ፈለግኩ። የትኛው እንደሆነ አይለይም። እንግዶቹ «እንዴት ያምራል» እያሉ ስልካቸውን ሊያወጡ ኪሳቸውን ዳበሱ። ሁሉም! እኔም።

አሁን ደግሞ ስድቤን አዘጋጂ። ደብዳቤሽን ሰረዟ ጋ እስክደርስ አነበብኩና ሳልገለብጥ ሮጥኩ። ተቆልፏል(_፣ _) ብዬ ጻፍኩ። በራሴ ካርድ ሣጥኔን ነካሁ፤ ጠቅ! ተከፈተ! ፍራሹ ላይ ዘለልኩ። ከዚያ ለደስታዬ ብዬ የጎረቤቱን ነካሁ። ጠቅ። የወይዘሮ ኩልሱምን፤ ጠቅ። የአቶ ሠረቀብርሃንን፤ ጠቅ። ግድግዳው በሙሉ አፉን ከፍቶ አየኝ።

እታለም፣ አስቢው። የሁሉ ሰው ስልክ። ብቻዬን። የዚህን ወደዚያ፣ የዚያን ወደዚህ ማዘዋወር ብቻ ነበር። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ዕድል ገጥሞኝ አያውቅም፤ እጄ ሄዳለች። ከዚያ የወይዘሮ ኩልሱም ስልክ ጀርባ ላይ የተለጠፈ የልጅ ፎቶ አየሁ፤ ፊት ጥርሱ የወለቀ። ዘጋሁት። ሁሉንም ዘጋሁ። አንድም አልነካሁም። ይህን ለማን ብናገር ያምነኛል? ላንቺ ነገርኩሽ፤ አንቺም አታምኚኝም።

ከዚያ ወረቀትሽን ገለበጥኩ፤ ቀሪውን አነበብኩ። አሁን በራሱ ካርድ ብቻ ይከፈታል። በሌላ ሰው ካርድ ብነካው ዝም። ማንቂያዎቹም ዛሬ አልጮኹም፤ ባትሪያቸው አንድ በአንድ አልቋል። እንዲህ ጸጥ ሲል ደግሞ ናፈቁኝ።

ነገ እንግዶቹ ይሄዳሉ። እኔም ከሰዓት እወርዳለሁ። እሁድ ቤት እሆናለሁ፤ ቅበላ ያለ እኔ ምን ይጣፍጣል?

ነአምን


እንጦጦ
ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

አምለሰት፤

ሣጥኖቹ ሁሉም ተከፈቱ። አቶ ሠረቀብርሃን «ዋስህ ነጻ ናት» ብለው ወረቀትሽን መለሱልኝ፤ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ወይዘሮ ኩልሱም ግንባሬን ሳሙኝ። በሩ ክፍት ነው። እኔ ግን አልወርድም።

ለምን ብለሽ እንዳትጠይቂ ልንገርሽ። ሊሊሳ ጠዋት ወተቱን ሲያወርድ ጭነቱ ላይ በግ አየሁና «ይሄ ደግሞ ከስልክ ሊያርፍ ነው የመጣው?» አልኩት። ሳቀና «እናንተ ቤት የማደርሰው ነው እንጂ! ለነገዎቹ ሽማግሌዎች!» አለ። ከዚያ ፊቴን አየና «አልነገሩህም እንዴ?» አለ። አትቆጪው። እሱ ምን ያውቃል? ወንድም አይደብቁትም ብሎ ነው።

የማቲዎስ ሽማግሌዎች ነገ ሊጠይቁሽ ይመጣሉ። ጾሙ ሳይገባ። አባታችን የለም፤ ያለሽ ወንድም እኔ ብቻ ነኝ። አንቺ ግን «ሰኞ ውረድ» አልሽኝ። ለካ አቶ ሠረቀብርሃን ብቻ አይደሉም የቆለፉብኝ።

አንቺው ባስተማርሽኝ ልጻፍልሽ፦

ነአምን == ቀልደኛ(_)።

ሆዴ ውስጥ ምንም ይኑር ምን ግድ የላችሁም። ስታመምም ቀልደኛ፣ ስታሰርም ቀልደኛ። ሰረዟን ያደረጋችሁት እኔ ያለሁበት ቦታ ላይ ነው። እሺ፣ ዓይነቴን እኔው ራሴ ነኝ የመረጥኩት፤ ማንም አልሰጠኝም። ግን አንዴ እንኳ ከፍታችሁ አታዩም?

ነገ ብመጣ ምን እንደምል ልንገርሽ፤ እንግዲህ አልመጣምና። ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ ስለ ጨው ሻዩ ነበር የምናገረው። አንቺ «አላነሳም» ያልሽውን። ያን ቀን ማቲዎስ አንዴ ጎንጨት አለ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እኔን አየኝ። ዐወቀ። እማዬ «ሻዩ እንዴት ነው ልጄ?» ስትለው «ጣፋጭ ነው እማማ፣ አንድ ይድገሙኝ» አለ። ደገመ! ኩሽና ውስጥ ሆኜ ሳቄን ስታገል ሳቁ ጠፋብኝ። እናታችንን ላለማሳፈር ሁለት ሲኒ ጨው የጠጣ ሰው እህቴን አያሳፍራትም። ይህን ነበር የምላቸው። ከዚያ «እሺ» እል ነበር።

እማዬን ሳሚልኝ። ጉልበቷን ብርድ አታስመቺው።

ነአምን


ሲግናል፣ ከጓዳ
እሁድ፣ ኅዳር 14

ነአምን ወንድሜ፤

እየተጣደፍኩ ነው የምጽፈው። ሽማግሌዎቹ ሳሎን ናቸው፤ እኔ እንዳልወጣ እማዬ በሩ ላይ ተቀምጣለች።

እማዬ «ልጆቼ እንዲህ ሆኑ?» ላለችው ምን እንደመለስኩላት አትጠይቀኝ። ደብዳቤህን ድምፅ አውጥቼ አነበብኩላት። ስለ ሻዩ ስትሰማ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ረጅም ጊዜ ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች። ማቲዎስን ጠየቅኩት። «ቃል ስለሰጠሁት ነው ያልነገርኩሽ» አለኝ። ቃል ተሰጣጥታችኋል እንዴ? እናንተ ሁለታችሁ!

ደበቅኩህ። ፈራሁህ። ሽማግሌ ፊት ምን ታደርግ ይሆን ብዬ ነው። ዓይነትህን አይቼ ዘጋሁ።

አጎታችን ጋሽ ሰላሙ ሽማግሌዎቹን እንዲህ ብለዋቸዋል፦ «ልጅቷ ወንድም አላት። እሱ ሳይመጣ እኛ ቤት መልስ የለም።» እንዲህ በሉ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ሽማግሌዎቹም መልስ ሳናገኝ እህል አንቀምስም ብለው በጉ እየቀዘቀዘ ነው። ትልቁ ሰውዬ «የት ነው ልጁ?» እያሉ ሰዓታቸውን ያያሉ። ከበሩ ኋላ ሆኜ «እንጦጦ ታስሮ ነው» አልኩ። ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ሊሊሳን ይዘህ ና። እንደፈለግህ ሆነህ ና።

እህትህ አምለሰት


ሲግናል፣ ከበራችን ውጭ
እሁድ፣ ከሰዓት

እታለም፤

መጥቻለሁ። ስልኬ ባትሪው ሞቷል፤ የሊሊሳን እንዳልጠቀም ደግሞ ገና ከእንጦጦው ጥሪ ጀምሮ ቁጥሩን ዘግተሽበታል። ደወሉን ደወልኩ፤ ማንም አልወጣም። ሊሊሳ ክላክስ ነፋ። በሩን ደበደብኩ። እማዬ ከውስጥ «ተዋቸው፣ እነዚያ ልጆች ናቸው» ስትል ሰማኋት። ልጆቹም እዚህ ከጎኔ ናቸው፤ ከእኔ የተማሩት። ስደውል ሁሉም ቀድመው ሮጡ፤ አሁን ከግንቡ ጥግ ሆነው «አንተ ጅል፣ ምን ትጠብቃለህ? ሩጥ!» ይሉኛል።

ስለዚህ እንደ ቆጣሪ አንባቢው ይህችን ወረቀት በበሩ ሥር አስገብቻለሁ።

ካልሲዬ ቀዳዳ ነው፤ ሽማግሌ ፊት ጫማዬን አላወልቅም። ጨው አልያዝኩም፤ ፈትሹኝ። ክፈቱልኝ። ደውዬ አልሮጥኩም።